ከባዶ እግር እስከ ቦቲ፦ የአርሶ አደሩ ጫማ ያሳለፈው ታሪክ

 በእንዲህ ያለው የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው መጻፉ የተለመደም ተገቢም ነው። እኔ ግን በስብሰባም ሆነ በሥልጠና ብዙም ስለማይነሳ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም አርሶ አደሩ በእግሩ ስለሚያደርገው ጫማ፣ ታሪኩን ተከትዬ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

ጉዳዩ ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ኮሌጅ በነበርንበት ጊዜ ስለ እርሻ መሣሪያ ስንማር ሞፈር፣ ቀንበር፣ ማረሻ፣ ድግርና ወገል እያልን በዝርዝር ስንጽፍ፣ ከበሬው ኋላ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰው የሰው እግር ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። በአንዱና በሌላው ትልም መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ አንድ ሄክታር መሬት አንድ ጊዜ ለማረስ ገበሬው 50 ኪሎ ሜትር ይራመዳል ማለት ነው። ለጤፍ አራት ጊዜ ቢደጋግም 200 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሄክታር ተኩል የሚያርስ አባላችን በየዓመቱ በገዛ ማሳው ላይ አዲስ አበባ ይገባል። ዘር፣ አረም፣ አጨዳና የገበያ መንገድ ገና አልተቆጠረም።

በባዶ እግር የተሠራ ታሪክ

በቀደመው ዘመን በአገራችን ጫማ ማድረግ በመኳንንቱና በካህናቱ አካባቢ ካልሆነ በስተቀር ብዙም የተለመደ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ሲገባ ጫማ ማውለቅ የአክብሮት ምልክት ነው። ለአብዛኛው ገበሬ ግን የሚወልቅ ጫማ ራሱ አልነበረም። ገበሬው ያርስ የነበረው በባዶ እግሩ ነው። ሲዘምትም በባዶ እግሩ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ያደረገው ሠራዊት አብዛኛው ከየአውራጃው የመጣ ባዶ እግሩን የተጓዘ ገበሬ ነበር። በአንጻሩ ጫማ ለብሶ የመጣው የጣሊያን ወታደር በጫማው አልተጠቀመም። የእቴጌ ጣይቱን የሕይወት ታሪክ የጻፉት ክሪስ ፕራውቲ የጣሊያንን ጦር ጉድለት ሲዘረዝሩ፣ ከማይረባው ካርታና ካረጀው ጠመንጃ ጋር ለድንጋያማው መሬት የማይሆነውን ጫማ አብረው ይጠቅሳሉ። እንግዲህ ጫማ አለኝ ማለት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ጫማው ለሚረገጠው መሬት የተሠራ መሆን እንዳለበት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታየ ነገር ነው።

ከዚህ ተነስቶ "አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ድል አድርገዋል፣ ጫማ ምን ያደርጋል" የሚል ሰው ግን ከዓድዋ በኋላ 40 ዓመት ቆይቶ የሆነውን ማስታወስ ይኖርበታል። ጣሊያን ዳግመኛ በወረረችን ጊዜ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በተከዜ ግንባር በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበች። ከአውሮፕላን የተጣለው መርዝ በጭስነቱ ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ በፈሰሰው ፈሳሹም ያቃጥል ስለነበር፣ በሣሩና በአፈሩ ላይ በባዶ እግሩ የሚሄደው ወታደርና የአካባቢው ገበሬ እግሩ እየቆሰለ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን የመርዝ ዝናብ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ተናግረዋል። እርግጥ ነው፣ ያንን መርዝ የቆዳ ጫማም ቢሆን ለረጅም ጊዜ አያግደውም፤ ቆዳ ፈሳሽ መርዝን ይመጣል። ይህን ነጥብ ስለ አረም መርጫ ሳነሳ እመለስበታለሁ።

ስለ ባዶ እግር ሲነገር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ግን ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል ቦታ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ከብት እየጠበቀ አድጎ፣ ክቡር ዘበኛ የገባው አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ለምን በባዶ እግሩ ሮጠ ቢባል፣ ለውድድሩ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው። በባዶ እግሩ መሮጥን ልምምዱ ላይ ያውቀው ስለነበር ከማይሆን ጫማ ባዶ እግር ይሻላል ብሎ መረጠ። ይህን ግማሹን ታሪክ ሁላችንም እንናገራለን። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ቆይቶ፣ ይኸው አበበ ካልሲና ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የሦስት ደቂቃ መሻሻል ማለት ነው። መንገዱም፣ አየሩም፣ ልምዱም የተለያየ ስለነበር ልዩነቱን ሁሉ ለጫማው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም አበበን የባዶ እግር ጠበቃ አድርጎ ማቅረብ ልክ አይመስለኝም። አበበ እምቢ ያለው ጫማን ሳይሆን የማይመች ጫማን ነው።

ባዶ እግር ሲባል መታለፍ የሌለበት ሌላው እንግዳ ሙጃሌ ነው። ሙጃሌ የቤታችን ቢመስልም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል ተነስታ አንጎላ ወደብ በደረሰች መርከብ አሸዋ ውስጥ ወደ አፍሪካ እንደገባና ከዚያም ከመንገደኛና ከወታደር እግር ጋር አህጉሩን እንዳዳረሰ ተጽፏል። መንጠቆ ትልም ቢሆን በእግር ቆዳ ሰርስሮ የሚገባ ነው፤ ደም ይመጣል፣ ጉልበት ይነሳል። እነዚህ ሁለቱ በጫማና በንጽሕና የሚመለሱ ናቸው።

በረባሶና ኮንጎ

መኪና በአገራችን ከተስፋፋ በኋላ ያረጀው ጎማ የገበሬው እግር ላይ ሁለተኛ ዕድሜ አገኘ። በረባሶን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ በየወረዳው ከተማም በገበያ ቀን ጥግ ይዘው በሚቀመጡ ባለሙያዎች እጅ ጎማው በስለት ይሰነጠቃል፣ በእግር ልክ ይቆረጣል፣ ማሰሪያው በሚስማር ይያያዛል። ደንበኛው እግሩን ጎማው ላይ አስቀምጦ ስለሚለካለት "ቁጥሬ ጠፋ" የሚባል ነገር የለም። እሾህ አይበሳውም፣ ድንጋይ አይቆርጠውም። አንድ በረባሶ ለዓመታት ያገለግላል። በእኔ አስተያየት ለገበሬው ተብሎ፣ በገበሬው እግር ላይ ተለክቶ የተሠራ የመጀመሪያው ጫማ እርሱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን ድርጅት የመሠረተችው ቤተልሔም ጥላሁን ይህንኑ የጎማ ሶል ጥበብ ይዛ ለውጭ ገበያ እስከማቅረብ ደርሳለች።

ችግሩ ምንድን ነው ቢባል በረባሶ የእግርን መዳፍ እንጂ እግርን አይሸፍንም። ጭቃ ላይ ያንሸራትታል። አቧራውና እርጥቡ አፈር እንደ ልቡ በጣቶች መካከል ይገባል። ይህ አፈር ምን እንደሚያደርግ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከበረባሶ ቀጥሎ የመጣው ኮንጎ ጫማ ነው። ከፕላስቲክ በአንድ ወጥ የሚወጣ፣ ርካሽ፣ በውኃ ለቅለቅ ተደርጎ ወዲያው የሚደርቅ ጫማ በመሆኑ በገጠር እንደ እሳት ተዛመተ። በደርግ ጊዜ በትግል ላይ የነበሩ ታጋዮች በፕላስቲክ ጫማ በረሃ ለበረሃ ተጉዘው በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የከተማው ሕዝብ በመጀመሪያ ካያቸው ነገሮች አንዱ ያ ጫማ እንደነበር ታላላቆቻችን ያወሳሉ። በኤርትራ ደግሞ ሺዳ የሚባለው የታጋዮች ክፍት ጫማ አሥመራ ላይ ሐውልት ቆሞለታል። ለገበሬ ልጅ ኮንጎ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ጫማው ነበር፣ ለእኔም እንዲሁ።

ይሁንና ፕላስቲክ ላብ አያስወጣም። በቀትር ፀሐይ እግርን እንደ ምጣድ ያግላል፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ይደርቅና ከጣቶች በላይ በሚታጠፍበት መስመር ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ጠርዝ እግርን ይቆርጣል። በጋለ ብረት ተለጥፎ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይታደሳል፤ የተለጠፈበት ቦታ ግን እየጠነከረ ስለሚሄድ ቁስሉ አይቀርም።

የቆዳ ጫማን በተመለከተ አገራችን ቀድሞ ዳርማር ይባል ከነበረውና በኋላ አንበሳ ከተባለው ፋብሪካ ጀምሮ ስመ ጥር ሠሪዎች ነበሯት። ገበሬው ዘንድ የደረሰው ግን በአብዛኛው ከውትድርና በተመለሰ ሰው እግር ወይም ከሰልባጅ ተራ በተገዛ ከስክስ መልክ ነው። ጥሩ ከስክስ ለዳገትና ለድንጋይ የሚወዳደረው የለም፤ ቁርጭምጭሚትን ይይዛል፣ ያስተነፍሳል። የቆዳ ጫማን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከዝናብ ሲመለሱ እሳት ዳር ማድረቅ ነው። ቆዳው ይኮማተራል፣ የሶሉ ማጣበቂያ ይለቃል። ጥላ ሥር፣ ጭድ ወይም ወረቀት ጠቅጥቆ ማድረቅ ይበጃል። ሁለተኛው የማዳበሪያ ብናኝ ነው። ብናኙ እርጥበት እየሳበ ቆዳውንም ስፌቱንም ይበላልና ማዳበሪያ በተበተነበት ቀን ሳይታጠብ ማደር የለበትም። በእኛ አካባቢ ሰም በሽ ነው፤ ሰም በትንሹ አሙቆ ስፌቱ ላይ መቀባት ውኃ እንዳይገባ ያደርጋል።

ቦቲ በዋልካ መሬት

አሁን የጎማ ቦት ጫማ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ቦቲ የምንለው፣ በየገበያው ይሸጣል። እኔ በምሠራበት በምሥራቅ ጎጃም ያለ ቀበሌ ከላይ ኮረብታው ቀይ አፈር ነው፣ ከታች ሜዳው ዋልካ። በሐምሌና በነሐሴ ዋልካውን ያለ ቦቲ መሻገር ዘበት ነው። ከአንድ ጎጥ ወደ ሌላው ጎጥ ስሄድ ቦቲዬን አመስግኜም ረግሜም አውቃለሁ። ሁለቱንም ለመናገር ያህል፦

ያመሰገንኩት ከውስጡ የጨርቅ ገበር ያለው፣ ሶሉ በጥልቀት የተቦረቦረና ተረከዙ ጠበብ ያለ ነበር። እንዲህ ያለው ጭቃውን በየርምጃው ይተፋል። ሦስት ክረምት አገልግሎኛል።

የረገምኩት ደግሞ በአንድ ወቅት ለልማት ሠራተኞች በጅምላ የተገዛው ነው። አቅራቢው ማን እንደነበር እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም። ከመጣው ሁሉ ትንሹ ቁጥር 41 ነበር፤ የእኔ እግር ደግሞ 37 ነው። ከእኛ መካከል ሴቶች የሆንን ሁሉ በሁለት ካልሲና በጨርቅ ጠቅጥቀን ለመልበስ ሞከርን። ዋልካ ግን ተረከዝ ያልያዘ ቦቲን አይለቅም። እግር ወጥቶ ቦቲው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። አንድ አባት ከማሳቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው፣ "ልጄ፣ ጫማው አንቺን ሳይሆን አንቺ ጫማውን እየተሸከምሽ ነው" አሉና በዱላቸው ስበው አወጡልኝ። ለወንዶቹ ልክ የሆነው ቢሆን እንኳ ክረምቱ ሳይወጣ በመታጠፊያው ላይ ተሰነጠቀ። ከውጭ ሲያዩት ከጥሩው ጋር ምንም ልዩነት አልነበረውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ጫፉን ይዞ ሲያጥፉት ነው። ጥሩ ጎማ ሲታጠፍ ቀለሙን ሳይለውጥ ይመለሳል፣ የማይረባው ነጭ መስመር ያወጣል። ገዥ ኮሚቴዎች ይህን የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቢያደርጉ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል።

ቦቲ ከጠዋት እስከ ማታ የሚለበስም ጫማ አይደለም። ላቡ መውጫ ስለሌለው በጣቶች መካከል ቆዳው እየራሰ ይላጣል፣ ያሳክካል። በመሆኑም ካልሲ መልበስ፣ ማታ ገልብጦ ማድረቅና እግርን በሳሙና አጥቦ በደንብ ማድረቅ የግድ ነው።

አንድ ሥራ ግን ከቦቲ ውጭ በሌላ ጫማ መሠራት የለበትም። እርሱም የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት ርጭት ነው። ከላይ ስለ ቆዳ ያልኩትን አስታውሱ፤ ቆዳ መርዝን ይመጣል፣ ከመጠጠው በኋላም ታጥቦ አይለቅም፣ በሚቀጥለው ቀን ለገበያ ሲለበስ እግርን መልሶ ያገኘዋል። ሲረጭ ደግሞ ሱሪውን ቦቲው ውስጥ መክተት በብዙ ቦታ የማየው ልማድ ነው። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይውረድ፤ አለበለዚያ በሱሪው ላይ የሚወርደው ጠብታ ሁሉ በቀጥታ ወደ ቦቲው ውስጥ ይጠራቀማል።

የቀይ አፈሩ ነገር

እስካሁን የተነገረው ስለ ምቾትና ስለ ጉልበት ነው። ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን ጭቃ በሌለበት በኮረብታው ቀይ አፈር ላይ ያለው ነው። ሰው ቦቲ የሚያስፈልገው ለዋልካው ነው ብሎ ያስባል፤ ቀዩ አፈር ደረቅ፣ ለመሄድ የሚመች ስለሆነ ባዶ እግር ይወጣበታል። የእግር እብጠት በሽታ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ የሚገኘው ደግሞ እዚያ ነው።

ይህ በሽታ ለዘመናት የመርገም፣ የድግምት ወይም የክፉ መንፈስ ውጤት ተደርጎ ሲወሰድ ኖሯል። በቆላ ያለው ሌላው ዓይነት ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ በመሆኑ የደጋውም እንዲሁ ነው ብለው የገመቱ ሐኪሞችም ነበሩ። በ1960ዎቹ በአገራችን ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ኧርነስት ፕራይስ ግን በሽታው በብዛት ያለበትን ቦታ ከአፈሩ ጋር እያስተያዩ ሄዱ። በሽታው የሚከተለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ያለውን ቀይ የሸክላ አፈር ሆኖ አገኙት። ከሕሙማኑ እግርና ብሽሽት በተወሰደ ናሙና ውስጥም ደቃቅ የአፈር ማዕድን ተገኘ። ለበሽታውም እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጡለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአፈሩ ውስጥ ያለው በዓይን የማይታይ ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። በእግር ውስጥ ፈሳሽን የሚመልሱት ቀጫጭን የሊምፍ ቱቦዎች እየቆሰሉ ይጠባሉ፣ ይደፈናሉ። መሄጃ ያጣው ፈሳሽ እግርን ያሳብጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ እብጥብጥ ያወጣል። በየጊዜው ትኩሳትና ሕመም ተነስቶ ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል። የሚጀምረው ባብዛኛው በወጣትነት፣ ሰው ጎጆ ሊወጣ በሚዘጋጅበት ዕድሜ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንዲያም ሆኖ በዚህ በሽታ ምክንያት ትዳር የተከለከሉ፣ ከዕድርና ከሰንበቴ ራሳቸውን ያገለሉ፣ ልጃቸውን ለመዳር የተቸገሩ ቤተሰቦች በየቀበሌው አሉ።

"በዘር ነው" የሚሉ ሰዎች ፈጽመው ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። በ2004 ዓ.ም. የታተመ፣ በወላይታ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ማሳ ላይ አብረው አርሰው አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለዚህ ነው። ነገር ግን የተጋለጠውም ሰው ቢሆን አፈሩ እግሩን ካልነካው አይታመምም። በዘር የሚመጣውን መለወጥ ባይቻልም አፈሩን መከላከል ይቻላል። በሰሜን አፍሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ይህ በሽታ በጥንት ጊዜ እንደነበረና ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲጀምር እንደጠፋ ፕራይስ ራሳቸው ጽፈዋል።

የጉዳዩን ስፋት ለማየት በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረውን አገር አቀፍ ቅኝት መጥቀስ ይበቃል። ከ600 በላይ ወረዳዎች ውስጥ ከ120 ሺህ የሚበልጡ አዋቂ ሰዎች ተመርምረው ከ100ው 4ቱ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። በዚህ መነሻም በአገሪቱ ከ1.5 ሚሊዮን የማያንሱ ሕሙማን እንዳሉ ተገምቷል። ቀደም ብሎ በወላይታ የተደረገ ጥናት ደግሞ አንድ ታማሚ በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 ከመቶውን እንደሚያጣ አመልክቷል። በእርሻ አነጋገር ግማሽ በሬ እንደ ማጣት ነው። እኛ ስለ ምርታማነት ስንናገር ይህን ቁጥር አንቆጥረውም።

ለታመመውም ቢሆን በሩ አልተዘጋም። በዞናችን በአነደድ ወረዳ በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2010 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በጸረ ተሕዋስያን ውኃ የማጠብ፣ ቅባት የመቀባት፣ በፋሻ የመጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ የማድረግ እንክብካቤ ላላገኙት ሰዎች የትኩሳቱ መነሳት በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 24 ገደማ ሲሆን፣ ላገኙት ግን 19 ገደማ ነበር። ከ19 በላይ ጊዜ መታመም አሁንም ብዙ ነው፤ ስለዚህም ሳይታመሙ ጫማ ማድረግ የሚሻል መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ወላይታ ሶዶ ላይ በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ሞሲ ፉት የተባለው ድርጅት ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማ በልክ ሲያሠራ፣ ከሠሪዎቹ መካከል ከበሽታው የተሻላቸው ሰዎች ነበሩበት።

ጫማው ለምን ማሳ ላይ ይወልቃል?

በቀበሌዬ ጫማ የሌለው ሰው አሁን ጥቂት ነው። ጥያቄው መቼ ይደረጋል የሚለው ነው። ጫማ ለገበያ፣ ለለቅሶና ለቤተ ክርስቲያን መንገድ ይደረጋል፤ ማሳ ዳር ሲደረስ ይወልቅና ግራር ሥር ይቀመጣል። አፈሩ በሚያገኘን ጊዜ እናወልቃለን፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ እናጠልቃለን ማለት ነው።

ለዚህ ገበሬው የሚሰጠው ምክንያት ስንፍና አይደለም፤ እኔም ሰምቼ የማልንቀው ነው። በእርሻ ጊዜ ጓሉ ቦቲው ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። በጤፍ አረም ጊዜ ሰፊ ሶል ቡቃያውን ይደፈጥጣል። ማረሻው ምን ያህል እንደጠለቀ በእግር መዳፍ የሚያውቁ ነባር ገበሬዎች አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጥንድ ብቻ ያለው ሰው ያችን አንዷን ለክብሩ ቢያስቀምጣት አይፈረድበትም። እንግዲህ "ጫማ አድርጉ" የሚል ምክር ብቻውን ይዞ መሄድ እንደማይሠራ ስድስት ዓመት አይቻለሁ። ገበሬው የሚያስፈልገው ለማሳ የሚሆን፣ ከገበያው ጫማ የተለየ ሁለተኛ ጥንድ ነው። አጠር ብሎ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር፣ አፉ ጠበብ ያለና አፈር የማያስገባ፣ ሶሉ ቀጭን ሆኖ የሚታጠፍ፣ በክረምት ለዋልካው ቦቲ፣ በበጋ ለቀዩ አፈር ሸፋኝ ጫማ። ይህን ለማግኘት ደግሞ የግለሰብ ገበሬ የመግዛት አቅም አይበቃም።

እዚህ ላይ ነው ዩኒየናችን የሚነሳው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እና እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባላት የሚያስፈልገውን ግብዓትና የፍጆታ ዕቃ በጋራ የመግዛት መብት አላቸው። ስኳርና ዘይት አምጥተን እናከፋፍላለን። ጫማ በሱቃችን ቢኖርም እንደ ግብዓት ሳይሆን እንደ ሸቀጥ፣ ያገኘነውን ቁጥር ይዘን ነው። በጅምላ ሲገዛም በወንድ ልክ ይገዛል፤ ቀይ አፈሩን ግን በአረም ጊዜ ከማንም በላይ የምትረግጠው ሴቷ ናት፣ ከብት የሚጠብቀውም ሕፃኑ ነው። አፈሩ ጉዳቱን የሚጀምረው በልጅነት ስለሆነ የልጆች ቁጥር ከሌለ ከሥራው ትልቁ ክፍል ቀርቷል ማለት ነው።

አሠራሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በየዓመቱ መሠረታዊ ማኅበራቱ የማዳበሪያና የዘር ፍላጎት ሲያሰባስቡ በዚያው ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ጨምረን የእያንዳንዱን አባወራና እማወራ ቤተሰብ የእግር ልክ መመዝገብ ይቻላል። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው እግሩን ወረቀት ላይ አቁሞ በእርሳስ ማስመር ነው። ልኬቱ ከሰዓት በኋላ ቢደረግ ይመረጣል፤ እግር ጠዋት ከሚለካው ይልቅ ከሥራ በኋላ ትንሽ ይሰፋልና። በእኔ ቀበሌ ባለፈው ጥር ለሙከራ በሁለት ጎጦች 84 ቤተሰብ መዝግበናል። ከተመዘገቡት አዋቂ ሴቶች መካከል ከቁጥር 39 በላይ የሚያደርጉት አምስት ብቻ ናቸው። ዝርዝሩ በመሠረታዊ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የሌሎች ቀበሌዎች የልማት ሠራተኞችም ሆናችሁ የግዥ ኮሚቴ አባላት ቅጹን ለማየት ብትፈልጉ በማንኛውም የሥራ ቀን መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።